በእጅ የሚማሩ ልጆች

ቪሻካፓትናም፣ ሕንድ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ዓለምነው፤ ቆሰበር

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? የእትዬ ሕይወት ጉልበት ክረምቱን እንዴት አለፈው? ድንቹ ደረሰ? እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። እዚህ በጥቅምትም ሰው ያልበዋል ብልዎ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

ስልክዎን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞከርኩ። አልተነሳም እንዳልል መጀመሪያውኑ አይጠራም። ኔትወርኩን መለመን ሰልችቶኝ ወረቀት ገዛሁ። ይህን የምታደርስልዎ ፈሪዳ ናት፤ የዳንግላው ባለሱቅ የአቶ ዓብዱልሀሚድ ልጅ። እዚህ ፋርማሲ ትማራለች፤ ለዕረፍት አገር ቤት ልትገባ ነው። መልስዎን ለአባቷ ቢሰጡልኝ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

እኔ ከሦስተኛ ዲግሪው ጎን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ልቦና መግቢያ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት “ሰው ከአእምሮው አሥር በመቶውን ብቻ ይጠቀማል” የምትለውን አባባል ሰጥቻቸው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ እውነት ነው አሉ። ያን ጊዜ የእናንተ መምህራን ክፍል ትዝ አለኝ። የባዮሎጂው አቶ ወገኔ “ዘጠና በመቶው ሥራ ፈት ከሆነ ራሴን ሲያመኝ ለምን ሙሉውን ያመኛል?” ብለው ያሳቁን ቀን! ብቻዬን ሳቅሁ፤ ተማሪዎቼ በእነሱ የሳቅሁ መስሏቸው ተኮሳተሩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ በ2009 ክረምት ሥልጠና ላይ ያደልኳችሁ መጠይቅ፣ ተማሪው በዓይን፣ በጆሮ ወይም በእጅ እንደሚማር የሚለየው፣ ልጆቹ የሞሉትን ወረቀት አስቀምጠውታል? ለጥናቴ ይጠቅመኛል። ስንት ልጅ በየትኛው እንደወደቀ፣ ከዚያም በውጤቱ ምን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

የአክስቴ የምህረቴ ልጅ እንቁስ እንዴት ናት? ትምህርቷን ካቆመች ወዲህ ወሬዋ ርቆኛል።

አክባሪ ልጅዎ
እታለማሁ


ቆሰበር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእታለማሁ

የአባቶቻችን አምላክ በወጣሽበት ይጠብቅሽ፣ በገባሽበት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። የሕይወት ጉልበት ዳገት ሲያይ ያመዋል፣ ወደ ገበያ ሲሆን ይድናል። ድንቹ ደርሷል።

ዓብዱልሀሚድ ደብዳቤሽን ለሚኒባስ ሾፌር አላምንም ብሎ ራሱ ከዳንግላ ይዞልኝ መጣ። መምህራን ክፍል ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወገኔ ስሙ ሕንድ ድረስ መሄዱን ሲሰማ እንደ ሙሽራ አፈረ።

ወረቀቶቹን ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ አንዲት ገጽ አልጣልኩም! የስምንት ዓመቱን በየዓመቱ በሲባጎ አስሬ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ ከአልጋዬ ሥር አኑሬዋለሁ። ሕይወት “ከዚህ አልጋ ሥር ሌላ ሚስት አለችህ” ትለኛለች። አንቺ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ስትደርቢ እኔ እዚሁ ሥነ ልቦና ተምሬ ሥነ ዜጋ የማስተምር ግማሽ አማካሪ ሆኜ ቀርቼ ነበር። ሰው ያደረገኝ ያ መጠይቅ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡት ሁሉ እሰጣለሁ። በዓይን የሚማሩትን ፊት፣ በጆሮ የሚማሩትን መሐል፣ በእጅ የሚማሩትን ከኋላ፣ ለአትክልቱ ቦታና ለእንጨት ሥራው ቅርብ በሆነው በር በኩል አስቀምጣለሁ። ግልጽ ሆኖ የወጣውን ልጅ ወላጁን አስጠርቼ የሚሻለውን እመክራለሁ። ወላጅ እጄን ይዞ ያመሰግነኛል። አስቢው፣ የእኛ ሰው ስለ ልጁ አእምሮ ከወረቀት ላይ ሲነገረው!

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ርእሰ መምህራችን በሰኔው የወላጆች በዓል ሊሸልመኝ አስቧል። መጠይቁንም በየወረዳው ላሉ ትምህርት ቤቶች ሊያዳርስልኝ ነው። ጡረታዬ ለከርሞ ስለሆነ ስንብቴም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለናል። ዘዴው በሳይንስ የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ከዩኒቨርሲቲሽ ላኪልኝ። አንቺ ያመጣሽው ነውና ስምሽም ይጠራል።

እንቁ ደህና ናት።

አጎትሽ
ዓለምነው


ቪሻካፓትናም
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ዓለምነው

ጋሼ፣ ጤናዎንና የቤተሰቡን ሰላም ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሆኖታል። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ማኅተሙን ልልክልዎ አልችልም። ዩኒቨርሲቲው እምቢ ብሎ አይደለም፤ አልጠየቅኳቸውም። ነገሩ እውነት ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ለጥናቴ ይጠቅመኛል ያልኩዎ የደበቅኩት ነገር ስላለ ነው። መስከረም ላይ የጥናት ሐሳቤን በአርባ ሰው ፊት አቀረብኩ። ርእሴ የእኛው መጠይቅ ነበር። ከአገሬ የስምንት ዓመት ልምድ አለ እያልኩ ስኩራራ የጥናቴ አማካሪ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ናቸው፣ እጃቸውን አነሡ። “በዓይን ይማራል ያላችሁትን ልጅ በዓይን ስታስተምሩት ከሌላው የበለጠ እንደገባው በምን ለካችሁ?” አሉኝ። ወረቀቴን አገላበጥኩ። “አልለካችሁም?” አሉ። አልለካንም አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በደንብ የመረመሩት እንዲህ ያደርጋሉ። ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ግማሹን “የመማሪያ ዘይቤህ ነው” በተባለው መንገድ ያስተምራሉ፣ ግማሹን በሌላው። ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጣሉ። እምነታችን ልክ ቢሆን ዘይቤው የተጠበቀለት ልጅ መብለጥ ነበረበት። አይበልጥም። ሰው የሚወደው መንገድ ሊኖረው ይችላል፣ በወደደው መንገድ ስለተማረ ግን የተሻለ አይማርም። ካርታ ለሁሉም በዓይን ነው፣ ዜማም ለሁሉም በጆሮ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚያስተምሩ መምህራን በየአገሩ ሞልተዋል። እኛ ብቻችንን አይደለንም። ግን ይህ አላጽናናኝም።

እባክዎ መጠይቁን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አያድሉት። እርስዎም ይተዉት።

ስለ እንቁ የጻፉልኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ለምን?

እታለማሁ


ቆሰበር
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለማሁ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጾም ስለሆነ ቁጣዬን አሳጥሬ እጽፋለሁ።

አንቺ አምጥተሽ አንቺ ትወስጃለሽ። በዚያ ክረምት ነጭ ሸሚዝ ለብሰሽ በፕሮጀክተር እያሳየሽ “ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው” ስትይን አስታዋሽ አያስፈልገኝም። ስምንት ዓመት ስሠራበት አንድ ቀን “ይቆዩ” አላልሽኝም። አሁን አንዲት አሮጊት እጃቸውን ስላነሡ እኔ በስተርጅና ተነሥቼ ዋሽቻችኋለሁ ልበል? በወላጅ ፊት? በርእሰ መምህሩ ፊት?

ደብዳቤሽን ለወገኔ አሳየሁት። ያጽናናኛል ብዬ ነበር። አነበበና “ዓለምነው፣ እስቲ እነዚያ በእጅ ያልካቸው ልጆች ከየት ከየት እንደመጡ ቁጠራቸው” ብሎኝ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፌዋለሁ።

እንቁ ወንበር ትሠራለች።

ዓለምነው


ቆሰበር
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእታለማሁ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። የመጋቢቱ ደብዳቤዬ ደርሶሽ ከሆነ ቅደጅው። ያልደረሰሽ ከሆነም ሲደርስሽ ሳታነቢ ቅደጅው። መልስሽን ሳልጠብቅ ይህን የምጽፈው ማደር ስላቃተኝ ነው።

ወገኔ ቁጠር ብሎኝ አልነበር? የበዓሉ ዕረፍት ሲመጣ ማዳበሪያዎቹን ፈታሁ። ወረቀቱን ሳሎን ላይ ዘርግቼ ሕይወት መረገጫ እስክታጣ ድረስ አራት ቀን ቆጠርኩ። በስምንት ዓመት የሞሉት 1,940 ልጆች ናቸው። በእጅ የተባሉት 611። ከእነዚህ ውስጥ የከተማ ልጅ 58 ብቻ ነው። የቀሩት 553ቱ ከዘንገና፣ ከጥርባና ከዚያ ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። በአገውኛ አፋቸውን ፈትተው፣ አንደኛ ደረጃን በአገውኛ ተምረው የመጡ ልጆች።

መጀመሪያ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። የገበሬ ልጅ ስለሆነ እጁ ለሥራ ቀርቦ ነው አልኩ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ልጄ፣ አሥራ ስድስቱም ጥያቄ ላይ ሐ፣ ሐ፣ ሐ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር። የዓይንና የጆሮ ልጆች እንዲያ አይደሉም፣ እዚህም እዚያም ይረግጣሉ። ሰው በምንም ነገር እንዲያ ቀጥ አይልም። ይህን ስምንት ዓመት በእጄ እያገላበጥኩ “ግልጽ ሆኖ ወጣ” እል ነበር!

ጥያቄውን እንደ ተማሪ ሆኜ አነበብኩት። “አዲስ መንገድ ለማወቅ ይበልጥ የሚረዳኝ፦ ሀ) የአካባቢውን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ በወረቀት ላይ ተስሎ ስመለከት፣ ለ) መንገዱን የሚያውቅ ሰው አቅጣጫውን በዝርዝር ሲተርክልኝ ሳዳምጥ፣ ሐ) ስሄድበት።” ሁሉም እንዲህ ነው። ሁለቱ ረጅም የመጽሐፍ አማርኛ፣ ሦስተኛው አንድ ቃል። ጥያቄው ያልገባው ልጅ የገባውን አንድ ቃል መረጠ። እኛ የለካነው እንዴት እንደሚማሩ አይደለም። አማርኛ ምን ያህል እንደሚያውቁ ነው። ከዚያም አማርኛ የቸገረውን ልጅ ወስጄ መምህሩ ከማይሰማበት ከኋላ በር አስቀመጥኩት።

አሁን እስካሁን ለማንም፣ ለሕይወትም ጭምር ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። እኔ የዘንገና ልጅ ነኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ከእናቴ ጋር ሌላ ቋንቋ አልነበረኝም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በንባብ ሰዓት አንድ ቃል በአገውኛ አመለጠኝና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ መምህሩም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ አገውኛ ከአፌ አልወጣም። ተማሪ ሆኜም፣ ሠላሳ አራት ዓመት መምህር ሆኜም። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቋንቋቸውን እንደምሰማ እንኳ አያውቁም።

በ2010 ጥቅምት መጠይቁን ሳስሞላ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ቀረብኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ በአገውኛ “ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?” አለችኝ። ሰው የሰማ መስሎኝ ደነገጥኩ። “በአማርኛ ጠይቂ” ብዬ አለፍኳት። አልጠየቀችም። አንገቷን ደፍታ እስከ ታች ሐ፣ ሐ፣ ሐ አለች።

እንቁ ነበረች።

በ2011 የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አመጣች። ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር። እኔ ምህረቴን አስጠርቼ “ልጅሽ በእጅ የምትማር ናት፣ መጽሐፍ ላይ ዕድሜዋን አትፍጅ” አልኳት። እንቁ ራሷ ትምህርት ጠላች የሚባለውን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዘመድ ሲጠይቀኝ እንዲያ እያልኩ። ዛሬ ከዚህ ወደ ዳንግላ በሚያወጣው አስፋልት ዳር የቀርከሃ ወንበር ትሠራለች። በዚያ ሳልፍ ባጃጁን ፍጠን እላለሁ።

የወላጆች በዓል ሰኔ 22 ነው። ለማንም አልነገርኩም። ምን ላድርግ?

ዓለምነው


ቪሻካፓትናም
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓለምነው

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ፣ ለእኔም ይስጠኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። መጀመሪያ የከፈትኩት የኋለኛውን ነው፣ ስለዚህ የፊተኛውን እንዳሉኝ ሳላነብ ቀደድኩት።

ምን ላድርግ ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በየደብዳቤው “እንቁስ?” የምልዎ ለምን ይመስልዎታል? ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደማያውቅ ሰው ስጠይቅዎ ከረምኩ።

በ2011 ክረምት አክስቴ ምህረቴ ስልክ ደወለችልኝ። ኮረብታ ላይ ወጥታ ነበር፣ ነፋሱ ይሰማኛል። “ዓለምነው እንቁ በእጅ ነው የምትማር ብሏል፤ ልጅቷ ደግሞ ታለቅሳለች። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?” አለችኝ። ጋሼ፣ ስብሰባ ልገባ ነበር። ልጅቷን አልጠየቅኩም፣ ውጤቷን አልጠየቅኩም። “ጋሼ ካሉ ልክ ነው፣ ሳይንስ ነው” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያ ቃል የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ የተናገርኩበት የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻው እንዲሆን ግን እፈልጋለሁ።

ሌላም አለ። ሦስተኛው መልስ ለምን አጭር እንደሆነ ልንገርዎ። መጠይቁን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው። አሥራ ስድስቱ ጥያቄ በአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ አልገባ አለኝ። ሦስተኛውን መልስ ሁሉ ቆረጥኩትና ገባ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ልጅ ከኋላ በር የተቀመጠው እኔ ሁለተኛ ቅጠል ላለመጠቀም ብዬ ነው። ለአማካሪዬ ስነግራቸው አልሳቁም። “ይህን ጻፊው፣ ስምሽን አስገብተሽ” አሉኝ። ጥናቴ እሱ ይሆናል።

በበዓሉ ላይ ምን እንደሚሉ እኔ ልነግርዎ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከበዓሉ በፊት ለእንቁ ይንገሯት፣ ከሰው አፍ አትስማው። ይህንም ደብዳቤ ያንብቡላት፣ የስልኩን ነገር ሳይዘሉ። በአገውኛ ያንብቡላት።

እታለማሁ


ቆሰበር
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእታለማሁ

ሰላምና ጤና ካለሽበት ይድረስሽ። ክረምቱ ገብቷል፣ የጣሪያው ድምፅ እያስቸገረኝ ነው የምጽፈው። ደብዳቤሽ ሰኔ 15 ደረሰኝ።

የበዓሉን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው፣ አጭር ነው። ስሜ ተጠራ፣ ወጣሁ። ሽልማቱ ካባ ነበር። ካባውን ክንዴ ላይ ይዤ በአገውኛ መናገር ጀመርኩ። በዚያ አጥር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች ቀና ቀና አሉ። የቆጠርኩትን ነገርኳቸው፣ ከዚያም በአማርኛ ደገምኩት። ካባውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። የሚያጨበጭብ ጠፋ፣ ባያጨበጭቡም ደግ አደረጉ። አንድ የጥርባ ሽማግሌ ተነሥተው “ታዲያ የእኔ ልጅ አሁን ምን ይሁን?” አሉኝ። ርእሰ መምህሩ አላናገረኝም። መጠይቁ ግን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አይታደልም። ከወገኔ ጋር ታርቄያለሁ። እሱ እንኳ የቀልድ ቃል አጥቶ ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤቴ ሸኘኝ።

የቀረው የእንቁ ነው።

ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ላስቲክ የለበሰች ዳስ አለቻት። ቀርከሃ ትሰነጥቅ ነበር። ሕፃን ሳለች በአገውኛ እንደምጠራት ጠራኋት። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ወንበር አልሰጠችኝም። የተጠናቀቁት በረድፍ ቆመው ነበር፣ እኔም ቆሜ ነገርኳት። መጠይቁን፣ ቁጥሩን፣ በአማርኛ ጠይቂ ብዬ ያለፍኳትን፣ ለእናቷ ያልኩትን፣ ያወራሁባትን ወሬ። ጩቤዋ አልቆመም።

“ያን ቀን የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር” አለችኝ በመጨረሻ።

“ሰምቼሻለሁ።”

“እኔኮ አገውኛው የጠፋብዎ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩ። እያወቁ ነው?”

“እያወቅኩ ነው።”

ያን ጊዜ ጩቤዋን አስቀመጠች። “ስድስት ዓመት ሙሉ የጠላሁ ትምህርቱን አይደለም፣ ራሴን ነው። የልጅ መጽሐፍ እንኳ ሳይ፣ አንቺ ለዚህ አልተፈጠርሽም እያልኩ እዘጋዋለሁ” አለች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩ። በአስፋልቱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሽማግሌ መምህር ቆሞ ሲያለቅስ አየ፣ ይየኝ ብዬ ተውኩት።

ያንቺን ደብዳቤ እያነበብኩ በአገውኛ ነገርኳት። የስልኩ ቦታ ላይ ስደርስ “ይድገሙት” አለችኝ። ደገምኩት። “እታለማሁ ያን ጊዜ መልሱን ታውቅ ነበር?” አለች። አታውቅም ነበር አልኳት። “ታዲያ አላውቅም ማለት ያቅታል?” አለች። ይህን እንዳለችው ጻፍኩልሽ፤ ሳይዘሉ ያንብቡላት ብለሽኝ እኔም ሳልዘል ልመልስልሽ ብዬ።

“ስንት ነን?” ብላ ጠየቀችኝ። ወላጅ አስጠርቼ ከትምህርት ያስወጣኋችሁ አርባ ሦስት ናችሁ አልኳት። “እንግዲያ ለአርባ ሁለቱም ሄደው ይንገሩ። ለእኔ ብቻ ከነገሩኝ ለዘመድ ብለው ነው የሚሆነው” አለችኝ። እስካሁን ዘጠኝ ቤት ደርሻለሁ። በአንዱ ቤት ጠላ ቀርቦልኛል፣ በአንዱ ውሻ ተለቆብኛል። ውሻው ይሻለኛል።

ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ ወይ አልኳት። “እሱን እኔ አስቤ እነግርዎታለሁ እንጂ እርስዎ አይንገሩኝ” አለችኝ።

ልሄድ ስል “ያ ወረቀቴ አለ?” አለች። ከኪሴ አወጣሁት፣ ይዤው ነበር። አሥራ ስድስቱንም ሐ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀርከሃ የምትለካበትን እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አንሥታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ከመጨረሻው ጥያቄ ሥር፣ ከሐ ቀጥሎ፣ የራሷን አንድ መስመር ጨመረች። ምልክት አድርጋበት “ይሄን ላኩላት” ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ አንዱን ወንበር በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። አልተቀመጥኩም። መቀመጥ አሳፈረኝ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እርሳስ ስለሆነ እንዳይጠፋ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ከታች ተመልከች፣ እንዲህ ይላል፦

መ) ሲያስረዱኝ።

ዓለምነው